ሰልባጅ ክምር ላይ የወጣችው ጃፓናዊት

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓለም በሙሉ ቆሞ እኔን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ አጥፋለሁ። ቀልዴን አይደለም። መርካቶ ውስጥ፣ ሰልባጅ የሚሸጥበት መደዳ ላይ፣ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከደረጀ ጋር ነበር የምሠራው። ትምህርቴን አባቴ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት እጄ የገባውን ሁሉ በማንበብና ሰው ሲያወራ ጆሮዬን በመጣል ነው። ለዚህም ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ከገጠመኝ ለሰው ሳልነግረው ካደርኩ የሚያንቀኝ። ይሄኛውን ግን ብዙ ዓመት ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ነው ያወራነው። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሰልባጅ የሚመጣው ቦንዳ ሆኖ ነው፤ ተጨፍልቆ፣ ተጠፍሮ፣ ድንጋይ መስሎ። ቅዳሜ ጠዋት ቦንዳው ይፈታና ልብሱ ሸራ ላይ ይከመራል። ከዚያ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ክምሩ አናት ላይ ይወጣና ገበያተኛ ይጣራል። ጠሪ ነው የምንለው። ጥሩ ጠሪ ካላችሁ ከአብነት ሰፈር በኩል የመጣ ሰው ሌላ ክምር ሳያይ እናንተ ጋ ይደርሳል። ጠሪ ከሌላችሁ ሐር ብትዘረጉ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም።

ደረጀ የመደዳው አንደኛ ጠሪ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲጣራ የአንገቱ ደም ሥር እንደ ገመድ የሚገተር። "አንዴ ተለብሶ ሁለቴ የሚያምር!" ሲል ሰው ይስቃል። የሳቀ ሰው ይቆማል፤ የቆመ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ሳያነሳ አይሄድም። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ሻካራነቱ ነው ያስከበረው።

እኛ ጋ ልማድ አለ። አዲስ ጠሪ ጮሆ ጮሆ ድምፁ የተቀደደ ዕለት፣ ነባሮቹ ሰብሰብ ብለው የዝንጅብል ሻይ ይጋብዙታል። "ጉሮሮው ተፈታ!" ይሉና ትከሻውን ይመቱታል፤ ልክ ቦንዳ የተፈታ ይመስል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠሪ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ሰው ገና ጀማሪ ነው፤ "አንተ፣ ቅዳሴ ነው እንዴ የመጣኸው?" ይባላል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የደረጀ ድምፅ ከመሻከር አልፎ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ለማውጣት ሲታገል፣ ምራቁን ሲውጥ ፊቱ ሲጨማደድ ማናችንም አልደነገጥንም። ጭራሽ ኮራንበት። ከአጠገባችን ብርድ ልብስ የሚሸጡት ጋሽ ከድር "ይሄ ልጅ አንበሳ ሆነ እኮ!" ይሉ ነበር። እማዬ ጥሬ እንቁላል በማር ትመታለታለች፤ እሱ ይጠጣና ክምሩ ላይ ይወጣል።

እኔም መጣራት ያምረኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሳህን ሳጥብ የደረጀን አጠራር አንድም ሳይቀር እለዋለሁ፤ የራሴንም እጨምርበታለሁ። እማዬ ግን "ሴት ልጅ ገበያ መሀል ቆማ ስትጮህ አይቼ አላውቅም፤ ከእኔ ቤትም አይጀመርም" ብላ ቆርጣዋለች። የጎጃም ሴት አንዴ ከቆረጠች እንግዲህ ታውቃላችሁ።

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ነው፤ ገበያው የሚደራበት ጊዜ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ከአንዋር መስጊድ የወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶ ሲበተን፣ ሸሚዙን የተኮሰ አንድ ጎልማሳ ጭቃውን እየዘለለ እኛ ጋ መጣ።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ? የመደዳው አንደኛ ጠሪ የእርስዎ ልጅ ነው አሉኝ።"

"ማን ከሰሰው?" አለች እማዬ።

"ኧረ ማንም አልከሰሰውም! ዮናስ እባላለሁ። ጃፓን ተምሬ ነው የመጣሁት፣ አስተርጓሚ ነኝ። አንዲት ጃፓናዊት አለች፣ ቴሌቪዥን ላይ የምትሠራ። አገር ላገር እየዞረች ከሠራተኛ ጋር አንድ ቀን ትውላለች፤ ሥራውን ትማራለች። ነገ ልጅዎ መጣራት ያስተምራታል፣ እነሱም ይቀርጻሉ።"

"ምነው፣ ሌላ የሚታይ አገር ጠፋ? ሰልባጅ ላይ ትቁም የሰው ልጅ?"

"ራሷ ናት የመረጠችው፣ እማማ።"

ደረጀ ጉሮሮውን ጠርጎ ገባበት። "ምን ሠርታ ነው ቴሌቪዥን ላይ የወጣችው?"

ዮናስ ስልኩን አወጣ። ተደራርበን አየን። አንድ ዓይነት ቀሚስና ነጭ ካልሲ የለበሱ ልጃገረዶች መድረክ ላይ ተሰልፈው ይዘፍናሉ፣ ይዘላሉ፤ እጃቸው አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ከታች ያለው ሕዝብ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ነገር እያውለበለበ በስማቸው ይጣራል። መሀል ላይ ያለችውን ዮናስ በጣቱ አሳየን።

"ሳዮኮ ትባላለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ተመርጣ ከገጠር የመጣች ናት። በአገሯ እንዲህ ያሉት ልጆች ዘፋኝ ብቻ አይደሉም፤ ሰው እንደ ራሱ ልጅ፣ እንደ ራሱ እህት ነው የሚያያቸው። እጇን ለመጨበጥ ብቻ ሕዝቡ ግማሽ ቀን ይሰለፋል።"

"ለመጨበጥ ብቻ?" አሉ ጋሽ ከድር አንገታቸውን አስግገው። "እኛ ጋ ትምጣ፣ ያለ ሰልፍ እንጨብጣታለን!"

"አሁንስ ትዘፍናለች?" አልኩ እኔ።

"አሁን ታወራለች። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ላይ። ከቡድኑ ከወጣች ቆየች። እዚያ አንዷ ስትወጣ 'ተመረቀች' ነው የሚባለው።"

"አይ ሰዎች! ማባረርን ምረቃ ይበሉት?" አለ ደረጀ፤ ሳቀ፣ ሳቁም መሀል ላይ ተቆረጠ።

በነጋታው ጠዋት መጡ፤ እሷ፣ ዮናስ፣ ካሜራ ያነገበ ሰውና ኮፍያ ያደረገ የቀረጻው ኃላፊ። እኔ ስልኩ ላይ ያየኋትን ባለ ነጭ ካልሲዋን ነበር የጠበቅኩት። የመጣችው ግን ወደ አርባ የተጠጋች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት ናት። እማዬ ፊት ስትደርስ ወገቧን ሰብራ እጅ ነሳች። እማዬ መልሳ እጅ ነሳች። እሷ ደግሞ ዝቅ አለች። እማዬም የባሰ ዝቅ አለች። አንዳቸውም ቀድመው ቀና ማለት አልሆነላቸውም።

"እትዬ አስካለ፣ ይብቃዎት፣ ወገብዎ!" አሉ ጋሽ ከድር። መደዳው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋ ገረመኝ። ከትንሽ ሰውነት የወጣ ወፍራም፣ ጎርነን ያለ ሳቅ።

ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ፣ ጫፉን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀመጠች። ደረጀ ያኔ ነው የወደዳት። "ይቺማ የተወለደችው ጠሪ ሆና ነው" አለኝ። ክምሩ ላይ ሳብ አድርጎ አወጣትና ማስተማር ጀመረ።

"አንዴ ተለብሶ!"

"አንዴ ተለብሶ!"

"ሁለቴ የሚያምር!"

"ሁለቴ ሚያሚር!"

"ያየ ይለብሳል፣ ያላየ ይቆጨዋል!"

ይሄኛው ከበዳት። መዳፏ ላይ በራሷ ፊደል ጻፈችው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋገመችው። ሳትጨርስ ቀና አላለችም። በኋላ ስትለው ቆጮ ይዘው የሚያልፉ አንዲት ሴት ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያማ መንገዱ ተዘጋ። ሰው ለማየት መጥቶ ጃኬት ይዞ ይሄዳል። ልብስ ለያዘ ሰው ሁሉ ከክምሩ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ እጁን ትጨብጣለች፤ ዓይኑን ታየዋለች፤ ስሙን ትጠይቀዋለች። ሰውየው ካንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲያልፍ "ታደሰ!" ብላ ትጠራዋለች። ታደሰ ደንግጦ ሁለተኛ ጃኬት ያነሳል።

እኔ ከታች እያጠፍኩ አፌን ከፍቼ እያየኋት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ወዳድ አይቼ አላውቅም። ካሜራው ዞር ሲል እንኳ አትቀመጥም፤ የወደቀ ሸሚዝ ታነሳለች፣ አራግፋ ትመልሳለች። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ አጠራሯ ነው። አትጮህም። ድምፅዋን ወደ ሰው ትልከዋለች እንጂ አትወረውረውም። ደረጀ ግን ከጎኗ በሙሉ ኃይሉ ነበር።

ከምሳ በፊት ይመስለኛል፣ ደረጀ አንድ ረዥም ጥሪ ጀምሮ መሀል ላይ ድምፁ ጥፍት አለ፣ ተመለሰ፣ ጥፍት አለ። እሱ ደረቱን መታ መታ አድርጎ ሊቀጥል ሲል ሳዮኮ ክንዱን ያዘችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ የለም። ዞር ብላ ለካሜራው ሰው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ካሜራው ወደ መሬት ወረደ።

"ድምፅህ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?" አለችው በዮናስ በኩል።

"ንገራት" አለ ደረጀ እየሳቀ፣ "ይሄ በሽታ አይደለም በላት፣ የጠሪ ማዕረግ ነው። ጉሮሮዬ ተፈቷል!"

ዮናስ ነገራት። እሷ አልሳቀችም።

"ቀስ ብለህ፣ ሳትጮህ፣ 'ኣ' በል።"

"ኧረ ተዪኝ! ሐኪም ነሽ እንዴ?"

"በል ስትልህ በላ!" አለች እማዬ ከታች።

ደረጀ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ወጣ። ሌላ ምንም አልወጣም። መጮህ እንጂ ቀስ ብሎ ማውጣት እንደማይችል ያን ቀን ነው ያየነው፤ አብረነው እየኖርን አላየነውም ነበር።

"ስትውጥ ያምሃል?"

"ትንሽ።" ከዚያ ወደ እማዬ አየና፣ "በጣም ትንሽ" አለ።

ሳዮኮ ክምሩ ላይ ተንበርክካ ተቀመጠች፤ እሱንም አስቀመጠችው። ዮናስ ከታች ቆሞ ይተረጉማል፤ እኔ ሱሪ ይዤ ደርቄያለሁ።

"እኔም እንዳንተ ነበርኩ" አለች። "ድምፄ መሻከር ሲጀምር ሰው ወደደው። አለቆቼ 'ይሄ ነው የሚሸጠው' አሉኝ። በቀን ሁለት መድረክ፣ ማታ ልምምድ፣ በማግስቱ ሰው መጨበጥ። ሲያመኝ ከረሜላ እየመጠጥኩ ዝም አልኩ። ከጓደኞቼ ፊት ደካማ መባል አልፈለግኩም። አንድ ቀን በሕይወቴ ትልቁ መድረክ ላይ ወጣሁ፤ የኔ ተራ ደረሰ፤ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ከጎኔ የነበሩት ልጆች ተቀብለው የኔን ዘፈኑልኝ። ሕዝቡ ያወቀም አይመስለኝም። እኔ ግን አውቄያለሁ።"

"ከዚያስ?" አልኩ እኔ ሳላስበው።

ወደ እኔ አየች። "ኦፕሬሽን ተደረግኩ። ቀጭኑ ድምፄ አልተመለሰም። ተመረቅሁ። አንድ ዓመት ያህል እናቴ ቤት በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ሰው እንዳያየኝ የሰው ኮፍያ አድርጌ ነበር ዳቦ የምገዛው። ከዚያ አንዲት የትንሽ ከተማ ሬዲዮ የአየር ጠባይ የሚያነብ ሰው አጥታ ጠራችኝ። ዝናብ ይዘንባል፣ አይዘንብም፤ ይሄው ነው ሥራው። በተሰበረው ድምፄ አነበብኩ። መጀመሪያ ሰዎች ደውለው 'ያቺን የታመመች አንሡልን' አሉ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሄድኩ። የደወለልኝን ሁሉ ስሙን እየያዝኩ፣ 'ዛሬስ ጃንጥላ ይዘዋል?' እያልኩ። እያደር 'ያቺ ሻካራዋ ዛሬ የት ሄደች?' የሚሉ መጡ። ዘፈኑ ጥሎኝ ሄደ፤ ወሬው ግን ቀረልኝ።"

ጋሽ ከድር ብርድ ልብሳቸው ላይ ተቀምጠው "አላህ ይጠብቃት" ሲሉ ይሰማል።

"ዛሬ አትጣራ" አለችው። "ዛሬ ዝም በል፤ ከዚያ ሐኪም ጋ ሂድ። ቶሎ ከሆነ ይድናል። የኔ የዘገየው ስለደበቅኩት ነው።"

ደረጀ ተነሣ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ የፈራ ጊዜ ነው የሚያፌዘው። "የእንቁጣጣሽ ቅዳሜ ዝም በል? ቦንዳው ተፈትቶ? በላት ዮናስ፣ እኔ ዝም ካልኩ መርካቶ ጆሮዋ የደነቆረ ይመስላታል!"

ያካባቢው ጠሪዎች ሳቁ። "ደሬ ጡሩንባ!" አሉ። እሱም ሞቀው።

ከምሳ በኋላ ባለ ኮፍያው መጨረሻ እንዲሆነው ያሰበውን ተናገረ። ውድድር ነው። ሁለት ክምር ይደረጋል፤ አንደኛው ላይ ደረጀ፣ ሌላው ላይ ሳዮኮ ይቆማሉ፤ ብዙ ሰው የሰበሰበ ያሸንፋል። መደዳው በደስታ ጮኸ። ደረጀ ዓይኑ በራ፤ እንቁላሉን ጠጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

ሳዮኮ ለባለ ኮፍያው አንድ ነገር አለችው። እሱም መለሰላት። እሷ ደገመች። ድምፃቸው አልተነሣም፤ ግን ዮናስ ላብ ላብ አለው።

"ምን ይባባላሉ?" አለችው እማዬ።

"አልወዳደርም አለች። እሱ ፕሮግራሙ ያለዚህ አይሆንም፣ ለዚህ ነው እስከዚህ የመጣነው ይላታል። እሷ 'የሰው ጉሮሮ ሲቀደድ ቆሜ አላስቀርጽም' ነው የምትለው። እማማ… ይሄ ለሷ ቀላል አይደለም። በነሱ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።"

እሷ ግን ነገሩን ጨርሳ ክምሯ ላይ ወጣች፤ ተንበርክካ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገችና ዝም አለች። ካሜራው ተከፍቷል። ወሬ እንጀራዋ የሆነ ሴት፣ ዓለም የሚያያት ሴት፣ ዝም ብላ ወንድሜን ታየዋለች።

"ፈራች! ፈራች!" አለ ሕዝቡ።

"ደሬ፣ አሸንፈሃል፣ ጥራ!"

ደረጀ ክምሩ ላይ ወጣ። እግሩን አስተካከለ፣ ደረቱን ነፋ፣ እጁን ወደ አብነት በኩል ዘረጋ። አፉን ከፈተ።

ምንም አልወጣም።

ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ደረጀ አልፎ አልፎ ድምፅ የሌለው ጥሪ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ድንገት ያፈነዳዋል። ያንን ነበር የሚጠብቁት። እንደገና ሞከረ። አንገቱ ተገተረ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ትንፋሽ ብቻ ሲጥ አለ። እማዬ እጇ ላይ የነበረው ሸሚዝ ወደቀ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። ውሃ የሚወስደው ሰው ዓይን ነበር።

ያኔ ሳዮኮ ተነሣች። ከራሷ ክምር ወደሱ ዘለለች፣ ከጎኑ ቆመችና፣ እሱ ሊለው የነበረውን አለችው።

"አንዴ ተለብሶ! ሁለቴ ሚያሚር!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። የተዘጋጀ ነገር መሰለው። ማንም አላወቀም። "ያየ ይለብሳል! ያላየ ይቆጨዋል!" አለች። ደገመችው። ከዚያ መዳፏን አየች። መዳፏ ላይ የተጻፈው በላብ ጠፍቷል፤ ሌላ አማርኛ ደግሞ የላትም። ዝምታው ሊገባ ነው፤ ሰው ሊያውቅ ነው። ቀና ብላ ከሕዝቡ ሁሉ መሀል እኔን አየችኝ። ጠዋት ሙሉ ከንፈሬ አብሮ ሲንቀሳቀስ አይታኝ ኖሯል ለካ። እጇን ዘረጋችልኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጫማዬን ማውለቄን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ያ ሁሉ ልብስ ከእግሬ በታች ሲሰምጥ። አፌን ከፈትኩ፤ ሳህን ሳጥብ የምለው ሁሉ ወጣ።

"ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ ልብሱ መርካቶ! ነይ ለልጅሽ፣ ና ለሚስትህ! እንቁጣጣሽ ባዶ እጅ ቤት አይገባም!"

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ፈራሁ፤ እማዬን አየኋት። ውረጂ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና፣

"ጮክ በይ እንጂ! ከታች ላሉት አይሰማም!" አለችኝ።

"እንዳትጮሂ!" አለ ዮናስ ከታች፤ ሳዮኮ ነግራው ነው። "ከሆድሽ አውጪው ትልሻለች። ጉሮሮሽን አትንኪው፤ በሩ ነው፣ በር አይደበደብም።"

እስኪመሽ ከጎኔ ቆመች። ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ መቼ መተንፈስ እንዳለብኝ ታሳየኛለች። እኔ ስጠራ እሷ ትጨብጣለች። ደረጀ እግራችን ሥር ተቀምጦ ልብስ ያቀብላል፤ አንገቱን ደፍቶ። ጋሽ ከድር መጥተው ከራሳቸው ዕቃ አንድ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አደረጉበት።

ሊሄዱ ሲሉ ሳዮኮ ወንድሜን ጨበጠችው። ቀኑን ሙሉ ስታደርግ እንዳየናት ጨብጣ የምትለቅ መስሎን ነበር። አልለቀቀችውም። እሱ ሳቅ አለ፣ አልለቀቀችም። ዞር አለ፣ አልለቀቀችም። ዓይኑን እያየች፣ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እስኪነቀንቅላት ድረስ ያዘችው። ከዚያ እማዬን እጅ ነሥታ ሄደች። ባለ ኮፍያው ከፊቷ ከፊቷ፣ ሳያናግራት፣ ጭቃውን እየረገጠ ይሄድ ነበር።

ወራት ቆይቶ ዮናስ ፕሮግራሙን በስልኩ ይዞልን መጣ። ተሰብስበን አየነው። ደረጀ ሲያስተምራት አለ፤ ታደሰ ሁለተኛ ጃኬቱን ሲያነሳ አለ፤ እኔ ክምሩ ላይ ሆኜ አፌን እንደ በር ከፍቼ አለሁ። ወንድሜ ድምፁ የጠፋበት ግን የለም። ሳዮኮ "ያንን ካልቆረጣችሁት ስሜን ከፕሮግራሙ አውጡት" ብላ ተከራክራ እንዳስቆረጠችው ነገረን። ለፕሮግራሙ ከሁሉ የበለጠው ጊዜ ያ እንደነበረ እኔ ያልተማርኩት እንኳ ይገባኛል። እሷ ደግሞ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች ሥራዋን። ይገርማችኋል፣ ጠሏት እንጂ አላባረሯትም፤ ዛሬም ትሠራለች አለ ዮናስ፣ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ላይ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ያን ቀን የተማርኩት መጣራትን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ፤ መርካቶ ጎበዝ ሰው ሞልቶባታል። ግን ጉብዝናዋን ከሠራላት ነገር ተባርራ፣ በተረፋት ነገር እንደገና ሰው የሆነች፣ ከዚያም የተረፋትን ለማታውቀው ሰው ስትል ለመጣል ያላመነታች ሴት ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰው ዝነኛ ሲሆን ሌላ ዓይነት ፍጥረት የሚሆን ይመስለን የለ? እሷ ዝናዋን እንደ ሥራ ልብስ ነበር የያዘችው፤ ሲያስፈልግ ታወልቀዋለች። እና እናንተም ምናልባት "ጉሮሮዬ ተፈታ" ብላችሁ የኮራችሁበት ሕመም ካላችሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ማዕረጌ ነው የምትሉት፣ እስኪ አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ 'ኣ' በሉ።

እኔ ከዚያ ወዲያ ከክምሩ አልወረድኩም። ዛሬ መርካቶ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሲጣሩ ከምትሰሟቸው ማስታወቂያዎች መሀል የኔ ድምፅ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ነጋዴ "ትንሽ አሻክሪው እንጂ" ይለኛል። አላሻክረውም።

ደረጀ ሰኞውን ከእማዬ ጋር ሆስፒታል ሄደ። ከድምፅ አውታሩ ላይ የበቀለ ነገር አግኝተው አወጡለት፤ ክፉ አልነበረም። ለሳምንታት አንድም ቃል ሳይናገር ከረመ። ድምፁ ተመልሷል፤ ቀጭን ነው፣ የሱ አይመስልም፤ መጣራት አይችልበትም። አሁን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይዞ የሕፃናት ልብስ ይሸጣል። ቅዳሜ ግን ሱቁን ለሚስቱ ይተውና ወደ መደዳው ይወርዳል። ጉሮሮው የተፈታ አዲስ ጠሪ ሲያገኝ የዝንጅብል ሻዩን እሱ ራሱ ይጋብዘዋል፤ አጠገቡ ተቀምጦ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ታክሲ ይዞ ሐኪም ጋ ይወስደዋል።